አሥራ ሦስተኛው ሳጥን

ደብረ ብርሃን ለአዲስ አበባ ሰው ሩቅ አይደለም። ጠዋት ቁርሱን በልቶ የተነሣ ሰው፣ ኬላ ላይ ካላጉላሉት፣ ምሳውን እዚያ ይበላል። ይህን የምጽፈው ግን ሄደው ለማያዩት ለሥራ ባልደረቦቼ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ለማናውቀው መጋዘንና ለማናውቀው ሰው ፕሮግራም ስንሠራ ለኖርነው። መንገዱ ሰባት ቀን ፈጅቶብኛል። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ሚስቴ "አንተ እኮ የዘጋኸውን በር ለማየት ሦስቴ የምትመለስ ሰው ነህ" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ስለዚህ ከተራራውና ከገደሉ ይልቅ ስለ ሆዴ ቁርጠት አብዝቼ ባወራ አትፍረዱብኝ።

መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። መሥሪያ ቤታችን ለየአውራጃው የከብት መድኃኒትና ክትባት ያከፋፍላል። የመጋዘኖቹን ገቢና ወጪ የሚይዝ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ፕሮግራም ከውጭ አገር ተገዛ። አንድ ካርቶን ዲስኬትና እንደ ጡብ የወፈረ መመሪያ መጣ። አብሮት የነበረው ደብዳቤ፣ ፕሮግራሙን ከነካካችሁት ለሚመጣው ነገር እኛ የለንበትም ይላል። አለቃዬ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱና "የኛ አድርገው" አሉኝ። ፈረንጅ የሠራው ፕሮግራም ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር ነው የሚያውቀው፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ሳጥን አለው በሉት። እኔ ለጳጉሜን አሥራ ሦስተኛ ሳጥን ጨመርኩለት። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። አንዱ ቅርንጫፍ ተቀባዩን በራሱ ስም ደርድርልኝ ይላል፣ ሌላው ብልቃጡን በካርቶን ቁጠርልኝ ይላል፤ እኔ ለሁሉም እሺ ነው። አርባ ቦታ ያህል ነካክቻለሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ከደብረ ብርሃን ስልክ ተደወለ። የመጋዘን ኃላፊው ጋሽ በቀለ መቶ ሃያ ብልቃጥ የአባ ሰንጋ ክትባት አጉድለው ተገኙ፤ ማሽኑ አለ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ግን የለም። ሰውየው ከታሰሩ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። የቁጥጥር ኮሚቴው ዓርብ ተሰብስቦ ካላመነላቸው ጉዳዩ በኢኮኖሚ ሻጥር ወደ ላይ ይተላለፋል። ያን ጊዜ ይህ ቃል እስከ ሞት ሊያደርስ እንደሚችል ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። አለቃዬ "ሂድና ማሽኑ ልክ መሆኑን አስረዳ" አሉኝ።

ሆዴን የቆረጠኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት አረርቲ ያለው ቅርንጫፍ ውስጥ አቶ ከበደ የሚባል የመጋዘን ሠራተኛ ላይ እንዲሁ ጉድለት ተገኝቶ ነበር። ያኔ በስልክ ጠየቁኝ። እኔም ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ "ማሽን አይሳሳትም" አልኩ፣ ይህንኑ ጽፌ ፈርሜ ላክሁ። ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው።

ሰኞ

አውቶቡስ ተራ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ደረስኩ፤ አውቶቡሱ የተነሣው በሁለት ተኩል ነው። ዲስኬቶቹን በሹራብ ጠቅልዬ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌያለሁ። ማግኔት ከነካቸው የያዙት ሁሉ ይጠፋል ብዬ ከድምፅ ማጉያው ሸሽቼ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የኋላ ወንበር ደግሞ ያዘልላል። ቆርቆሮውን እንደ ሕፃን ታቅፌ ስዘል አጠገቤ የነበሩት እናት "ልጄ፣ እንቁላል ነው?" አሉኝ።

ኬላው ላይ ሁላችንም ወረድን። ይለፍ ወረቀቴ ላይ "ደብረ ብርሃንና አንኮበር" ተብሎ ተጽፏል፤ ማኅተሙ ደብዘዝ ስላለ ሌሊቱን ሲያሳስበኝ ነው ያደረው። ወታደሩ ወረቀቱን ዞር ብሎም አላየው፤ ቆርቆሮውን ከፈተ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዲስኬት ነው፤ የኮምፒዩተር።"

"ምን ይላል?"

"ምንም አይልም ወንድሜ። መድኃኒት ይቆጥራል።"

አንዱን አውጥቶ ወደ ፀሐይ አነሣው፤ አውራ ጣቱ የሚያብለጨልጨው ቦታ ላይ አረፈ። እዚያ ቦታ እኛ እንኳ እጃችንን ታጥበን አንነካውም። "አይታይበትም" አለና መለሰልኝ። ከዚያ እስከ ሸኖ ድረስ የትኛው ዲስኬት እንደነበር ለማስታወስ ስሞክር መጣሁ። ሸኖ ላይ ሰው ሁሉ ቅቤ ለመግዛት ሲወርድ እኔ አልወረድኩም። አዲስ አበባ የሸኖ ለጋ እየተባለ የሚሸጥልን ቅቤ ሸኖን አይቶ እንደማያውቅ ከሽታው ብቻ ገባኝ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ የአውቶቡሱ በር ገና ሲከፈት ነፋሱ ገባ። እኛ አገር ብርድ ሲባል ሹራብ መደረብ ነው፤ እዚያ ግን ብርዱ ሰው መስሎ አብሮ ይሄዳል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ቀጭን ኮቴን አይተው "በጥቅምት አንድ አጥንት ሲባል አልሰሙም?" አሉና ትኩስ ቅቅል አቀረቡልኝ። ከራሳቸው አልጋ ላይ ባና አንሥተውም ደረቡልኝ፤ የመንዝ በግ ጠጉር ነው፣ ይከብዳል፣ ይወጋል፣ ግን ያሞቃል። በሩን ሁለቴ ብቻ አየሁና ተኛሁ።

ማክሰኞ

ቢሮው ውስጥ ኮምፒዩተሩ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ አገኘሁት፤ አዲስ አበባ የኛ ላይ ሻይ እናስቀምጥበታለን። መረጃ የምታስገባው አልማዝ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ሰላምታ ስንለዋወጥ እጇ ይቀዘቅዛል፤ ከኔም ባሰ የምትፈራ ሰው ማግኘቴ ትንሽ አጽናናኝ፣ ወዲያው ደግሞ በዚህ አፈርኩ።

"ጋሽ በቀለ ክትባቱን ጳጉሜን ሦስት አውጥተዋል፤ ለአንኮበር" አለችኝ። "ያኔውኑ አስገብቻለሁ። ይኸው ይዩት።"

ስክሪኑን ከፈተችልኝ። ጳጉሜን ሦስት፣ መቶ ሃያ ብልቃጥ፣ አንኮበር ውስጥ ላለችው ለጎረቤላ እንስሳት ጤና። አለ። ወደ መስከረም የተሻገረውን ከወጪ ቀሪ ከፈተችልኝ፤ መቶ ሃያው አልተቀነሰም።

ሁለተኛ ማየት አላስፈለገኝም። ሳጥኑን ጨምሬያለሁ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሳጥኖቹን ሁሉ ደምሮ ወደ አዲሱ ዓመት የሚያሻግረው ክፍል ግን ፈረንጅ እንደጻፈው ነው ያለው። እስከ አሥራ ሁለት ቆጥሮ ያቆማል። ጳጉሜን ውስጥ የገባው እዚያው ይቀራል። እንዴት እስከ ዛሬ አልታየም ቢሉ፣ በጳጉሜን ማን ዕቃ ያወጣል? በየመጋዘኑ በጳጉሜን በሩ ታሽጎ ቆጠራ ነው። ስንሞክረውም ሳጥኑ መኖሩን አየን እንጂ አንዲት ብልቃጥ አላስገባንበትም። ማንም የማይሄድበት ክፍል ሠርቼ፣ በሩን ረስቼዋለሁ ማለት ነው።

"ስህተት አለው?" አለች አልማዝ።

"እስቲ ልየው" አልኩ። አይቼው ነበር እኮ።

ጋሽ በቀለን ቀበሌ ውስጥ ባለው ማቆያ አገኘኋቸው። ስድሳ ዓመት የሚጠጉ፣ ረጅም፣ ጋቢ የለበሱ ሰው ናቸው። የታሰሩት እሳቸው ሆነው "መንገዱ እንዴት ነበር? ብርዱ አልከበደህም?" ብለው ጠየቁኝ።

"የመጋዘኑን በር ማኅተም ቆርጫለሁ፤ እሱን አልክድም" አሉ። "የከብት ሐኪሙ ደምሴ ከአንኮበር መጣ። አባ ሰንጋ ገብቷል አለኝ። ቆጠራ ላይ ነኝ ብል ከብቱ ይጠብቀኛል? አውጥቼ በዕቃ ማውጫው ቅጽ፣ በሞዴል 22፣ ፈርሜ ሰጠሁት።"

"ታዲያ ሞዴሉ የት አለ?"

"የኔ ኮፒ ኮሚቴው ዘንድ ነው። ከተያዝክ በኋላ የጻፍከው ነው አሉኝ። ማሽኑ ውስጥ ያለውንም አልማዝ ኋላ ነው ያስገባችልህ አሉ። ደምሴ የያዘው ኮፒ ግን አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እኔ የምፈራው ዓርብ እንዳይቀድመው ነው።"

ከዚያ ወጥቼ ለአለቃዬ ስልክ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኳቸው። "ስማ" አሉኝ፣ "ፕሮግራሙ የኛ ሆኗል ብለን ሪፖርት አድርገናል፤ በየአውራጃው ገብቷል። ሰውየውን በሰነድ አድነው። ፕሮግራሙን ግን አታንሣ። ልጅቷ በትክክል አላስገባችም በል፤ ወጣት ናት፣ ማስጠንቀቂያ ነው የሚሰጧት።" እሺ ብዬ ዘጋሁ። እሺ ማለት ልማዴ ነው።

ረቡዕ

የገብስ ጭነት ወደ ጎረቤላ የሚወስድ መኪና አገኘሁና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። መንገዱ ኮረት ነው፤ አርባ ኪሎ ሜትር ያህሉ ግማሽ ቀን በላ። ጉሙ ሲወርድ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። በስተቀኝ ገደል አለ ሲለኝ አመንኩት፤ ለማየት አልጓጓሁም።

ጎረቤላ ስደርስ ደምሴ የለም። ቢሮው ተቆልፏል። ጎረቤቱ "አልዩ አምባ ወርዷል፣ ለክትባት፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይመጣል" አሉኝ። ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ የምፈራው ሁሉ እየተሰለፈ ይደርሳል። አህያ እየነዱ የሚወርዱ ሴቶች ነበሩና ተከተልኳቸው።

አዲስ አበባ ቁልቁለት ማለት ከፒያሳ ወደ ታች መውረድ ነው። ይህ ግን ጉልበት የሚያንቀጠቅጥ ነው፤ በዚያ ላይ ጫማዬ የቢሮ ነው። ሴቶቹ ሸክማቸውን ይዘው እየተጨዋወቱ ይሄዳሉ፣ እኔ ድንጋይ እየያዝኩ እወርዳለሁ። አንዷ "ወንድማለም፣ በቂጥህ ብትወርድ ይሻልሃል" አለችኝ። ምክሯን ሳልቀበል ተንሸራትቼ በዚያው ወረድኩ። ሱሪዬ ከጉልበቱ እስከ ጭኑ ተተረተረ። ቆርቆሮው ግን እጄ ላይ ነበር፤ ለምን ይዤው እንደወረድኩ እኔም አላውቅም፣ አልጋው ላይ ትቼው ለመምጣት ፈርቼ ነው።

ወደ ታች ስንወርድ አየሩ ተለወጠ። ጠዋት ባና ተደርቦልኝ የተነሣሁ ሰው አሥር ሰዓት ላይ በሸሚዝ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ደምሴ የሚገኘው አቶ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴ ቤት ነው ተባልኩ። አቶ ኑሩ በር ላይ አገኙኝ፤ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ናቸው። ስሜን ሳይጠይቁ ሱሪዬን አዩ።

"ቢስሚላህ፤ ግባ ልጄ። አውልቀው፤ እሰፋልሃለሁ።"

ሽርጥ ሰጡኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽርጥ አገልድሜ፣ ቆርቆሮዬን አቅፌ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ የማሽላ እንጀራ በምስር ወጥ አቀረቡልኝ። "ዛሬ ረቡዕ ነው" አሉ፤ "ጾምህ እንዳይፈርስ በዘይት ነው የሠራሁት፣ ድስቱም ለእንግዳ የሚቀመጠው ነው።" እኔ አዲስ አበባ ረቡዕ ዕለት ምን እንደምበላ ለሳቸው መናገር አልቻልኩም። አጎንብሼ በላሁ።

ደምሴ ከበረት መጣ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ነው። የጋሽ በቀለን መታሰር ስነግረው እጁን ሳይታጠብ ተቀመጠ። አልሰማም ነበር። ቦርሳውን ከፍቶ የክትባት መዝገቡን አወጣ። ሞዴል 22ቱ ታጥፎ መሐሉ ውስጥ ነው፤ ከሥሩ የጎረቤላ ማኅተምና ቀን አለበት። በመዝገቡ ላይ ደግሞ የባለ ከብቶቹ ስምና የጣት አሻራ ተደርድሯል።

"ቀኑን እንዴት እረሳዋለሁ፤ የሩፋኤል ዕለት ነው" አለ። "ደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ዝናቡን ጠበል ብሎ ሲጠመቅበት፣ እኔ የክትባት ሣጥን አቅፌ መኪና እየለመንኩ ነበር።"

"ሦስት ላም ሞቶብኛል" አሉ አቶ ኑሩ ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ። "አራተኛዋ ወድቃ ነበር። ያ ሰውዬ ባይከፍት ኖሮ ይህ ሰፈር ወተት አያይም ነበር። እሱን ነው ያሰሩት?"

"እሱን ነው" አልኩ።

"በምን ምክንያት?"

ወሬውን ወደ ሱሪዬ መለስኩት። አቶ ኑሩ ጠጋኙን ከቀዳዳው በጣም አስፍተው ቆርጠው ነበር፤ አንሶ መስሎኝ ሳይሆን በዝቶ መስሎኝ "ያን ያህል ያስፈልጋል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ቀዳዳውን ብቻ የሰፋ ሰው ሥራ ጨረሰ ማለት አይደለም" አሉ። "ዙሪያውን ካልያዝክለት በሌላ በኩል ይሄዳል።" የተናገሩት ስለ ሱሪ ነው። እኔ ግን አርባውን ቦታ አንድ በአንድ አስታወስኩ።

ሐሙስ

ደምሴ አብሮኝ ሊወጣ ተነሣ፤ አቶ ኑሩ በቅሎአቸውን ሰጡኝ። ዋጋ ሳነሣ ተቆጡ፤ "ለዚያ ሰውዬ ነው የሰጠሁት፣ ላንተ አይደለም" አሉኝ። ከመነሣቴ በፊት ባለ ከብቶቹ መጥተው ክትባቱ ደርሶናል በሚል አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙልኝ፣ መፈረም የማይችሉት አሻራቸውን አኖሩ። በጣታቸው ላይ የቀረውን ቀለም በግድግዳው ላይ ሲጠርጉ እማማ ዘይነባ ተቆጧቸው።

ጎረቤላ ላይ መኪና ወዲያው አገኘን። ደስታዬን ሳልጨርስ ጎማ ፈነዳ፤ መጠባበቂያውም አየር የለውም። ሾፌሩ ጎማውን ለማስጠገን በእግሩ ሲመለስ እኔ መንገዱ ዳር እንደ ታሰረ ውሻ እመላለሳለሁ። መንገዱ አጠገብ የአንድ መሪጌታ ቤት ነበር። ወጥተው እጄን ይዘው አስገቡኝና ባለቤታቸው በሶ በጥብጠው ሰጡኝ። "ልጄ፣ ቶሎ ቶሎ መራመድ ጎማ አይነፋም" አሉኝ መሪጌታው። አራት ሰዓት ቆየን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወረቀቶቹን ከደረት ኪሴ እያወጣሁ መኖራቸውን አየሁ፤ መሪጌታው ሲበዛባቸው "ጸሎት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደብረ ብርሃን ገባን።

ዓርብ

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው፤ የሚጮህ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልማዝ ጥጉ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ባለ ከብቶቹ የፈረሙበትን ወረቀት ሰጠሁ፤ ደምሴ ሞዴሉንና መዝገቡን አቀረበ፣ የሩፋኤልን ዕለት ተረከ። ሊቀመንበሩ ሁለቱን ኮፒ ጎን ለጎን አድርገው ለረጅም ጊዜ አመሳከሩ።

"ክትባቱ ደርሷል" አሉ። "ይህን ተቀብለናል። ታዲያ ማሽኑ ለምን ዕቃው አለ ይላል? ጸሐፊዋ በጊዜው አላስገባችም ማለት ነው?"

ሁሉም አልማዝን አየ። እሷ እኔን አየች። አለቃዬ የነገሩኝ ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ነበር፤ አጭር ናት፣ ማንንም አትገድልም፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ናት። ቁጭ ብዬ መናገር ስላቃተኝ ቆምኩ። ሱሪዬ ላይ ያለውን የአቶ ኑሩን ጠጋኝ ሁሉም አዩት።

"አስገብታለች" አልኩ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ሳጥኖቹን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው። አሥራ ሁለቱን፣ ከዚያ እኔ የጨመርኩትን። ደማሪው አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚቆም አሳየኋቸው። ጠመኔው እጄ ላይ ሁለቴ ተሰበረ።

"ጓድ" አሉ ሊቀመንበሩ፣ "ማሽን አይሳሳትም ብላችሁ አልነበር?"

"ብለናል። ፈርሜበታለሁ።"

"ከውጭ ሲመጣም እንዲህ ነበር?"

"አይደለም። ሲመጣ ጳጉሜንን አያውቅም ነበር እንጂ አይዋሽም ነበር። ማስዋሸቱ የኔ ሥራ ነው።"

ጋሽ በቀለ ከሰዓት በኋላ ተለቀቁ። ስለ ማኅተሙ መቁረጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ ስለኔ ደግሞ ለመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ይጻፋል ተባልኩ። አልማዝ ኮሪደሩ ላይ ጨበጠችኝ፤ እጇ አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት ለሌላም ሰው መትረፌ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ

ጋሽ በቀለ ጢማቸውን ተላጭተው፣ በወረቀት የተጠቀለለ የገብስ ቆሎ ይዘው ሊሸኙኝ መጡ። አውቶቡሱ እስኪሞላ ቆመን ስለ ብርዱ አወራን።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቀየመኝ" አሉ።

"ይጠይቁኝ ጋሼ።"

"የአረርቲው ከበደስ?"

ምን እንደሚሉ ከማክሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ። እሳቸው ቀጠሉ።

"ሥልጠና አብረን ነው የወሰድነው። እሱም በጳጉሜን አውጥቼ ሰጥቻለሁ ሲል ነበር።"

"ሰኞ ለአለቃዬ አቀርባለሁ" አልኩ። "ደብዳቤ እንጽፋለን።"

ጋሽ በቀለ ቆሎውን ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ። "ለኔ አልዩ አምባ ድረስ ወርደሃል፤ እግዜር ይስጥህ" አሉ። "ለሱ ስልክና ደብዳቤ ባለፈው ዓመትም ደርሶታል።"

ቆሎውን ሳልነካው ከጫጫ ሰንዳፋ ደረስን። ዲስኬቶቹ ያሉበትን ቆርቆሮ ወንበር ሥር አድርጌዋለሁ፤ ማግኔት ይንካቸው አይንካቸው ግድ አልነበረኝም። አውቶቡስ ተራ ስወርድ ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት የአረርቲ ትኬት ለነገ ቆረጥኩ። ለሚስቴ ስነግራት "ይለፍ አለህ?" አለችኝ። የለኝም።

እሑድ

ኬላው ላይ ወታደሩ ወረቀቴን ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። "አረርቲ የት አለ? ይሄ አንኮበር ነው የሚለው" አለ። መልስ ሳፈላልግ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት "ወንድሜ ነው፤ የታሰረ ሰው ልንጠይቅ ነው" አለችው። ወታደሩ ሁለታችንንም አይቶ ወረቀቱን መለሰልኝ። "እውነት የታሰረ ልትጠይቂ ነው?" ስላት "ሰው ሁሉ የታሰረ አለው" አለችኝ። አረርቲ ሜዳና ሞቃት ነው፤ ከደብረ ብርሃን በኋላ ሰው እንዴት እዚህ ብርድ ይይዘዋል ያሰኛል። እኔ ግን ኮቴን ቆልፌ ወደ ወህኒ ቤቱ ሄድኩ።

እሑድ የጥየቃ ቀን ነው። አቶ ከበደ አጭር፣ ፀጉሩ የሸሸ ሰው ነው፤ ሚስቱ የምሳ ዕቃ ይዛ አጠገቡ ቆማለች። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ከዚያ ስለ ሳጥኖቹ፣ ስለ ደማሪው፣ ስለ ደብረ ብርሃን ነገርኩት። ነገ ጉዳዩን የሚያስከፍት ጽሑፍ በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ እንደማስገባ ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም ቢሰድበኝ በወደድኩ።

"መጀመሪያ ሰጥቻለሁ ብዬ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ጳጉሜን ላይ፣ በዝናብ፤ የተቀባዩ ፊት ሁሉ ይታየኝ ነበር። ኋላ ያንተን ደብዳቤ አነበቡልኝ። የተማረ ሰው ማሽን አይሳሳትም ብሎ ከፈረመ፣ እንግዲህ አእምሮዬ ነው የሳተው አልኩ። አጉድዬ ሊሆን ይችላል ብዬ ፈረምኩላቸው። ይኸው ዓመት ሙሉ የት እንዳደረስኩት ሳስብ ነው የምውለው።"

"አልሳቱም" አልኩት። "ሰጥተዋል።"

ወደ ሚስቱ ዞረ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ሆነ።

"ሰማሽ?" አላት። "ሰጥቼ ነበር እኮ።"

እሷ ግን እኔን ነበር የምታየው።